በዋልካ መሬት ላይ የቆመ የብየዳ ማሽን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ፣ በስተግራው እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተንጣለለውን የፎገራ ሜዳ ያያል። ርብን አልፎ ወደ አዲስ ዘመን ሲቃረብ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታየው በጥድና በወይራ የተሸፈነው የጣራ ገዳም ተራራ ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ውስጥ ከመንገዱ ዳርና ዳር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች መካከል ከብዙዎቹ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። በርና መስኮት፣ አጥር፣ ጋሪ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ማቆሚያ ይበየዳል፤ በመኸር ወቅት ደግሞ የተሰበረ የሩዝ መፈልፈያና መውቂያ ይጠገናል። ብረት ማቅለጥ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ የተሠራባት ሥፍራ መሆኗ ይታወቃል። ዛሬ ግን ብረት ለማቅለጥ እቶን መገንባት አያሻም፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተገናኘች አንዲት ሣጥን ትበቃለች።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህችኑ ሣጥን፣ ማለትም ለብየዳ የሚያስፈልገውን ኃይል የምትሰጠውን ማሽን፣ እንዴት መትከልና ማሠራት እንደሚገባ ነው። ስለ ብየዳ ጥበብ ከእኛ ይልቅ በያጆቹ ያውቃሉ። ስለ ማሽኑ አተካከል ግን በየመጻሕፍቱ የሚገኘው መመሪያ የተጻፈው ለሌላ አየር፣ ለሌላ መሬትና ለሌላ የኤሌክትሪክ መስመር በመሆኑ፣ ነገሩን ከፎገራ ሜዳ አንጻር መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የማሽኑ ሥራ ምንድን ነው?

በኤሌክትሪክ ቅስት (አርክ) ብረትን ከብረት ማጣበቅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ኒኮላይ ቤናርዶስ የተባለ የሩሲያ ግዛት ተወላጅ በከሰል ዘንግ ተጠቅሞ በየደ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ከሰሉን በብረት ዘንግ ተካው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊድናዊው ኦስካር ሼልቤሪ ዘንጉን በልዩ ልዩ ማዕድናት ለበጠው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤሌክትሮድ የዚሁ የስዊድናዊው ሐሳብ ልጅ ነው።

ቅስቱ እንዲነድ ብዙ ቮልት አያስፈልገውም፤ ከ20 እስከ 30 ቮልት ይበቃዋል። የሚፈልገው ብዙ አምፔር ነው። የ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ 120 አምፔር ያህል ይጠይቃል። መስመሩ ግን የሚያቀርበው የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም 220 ቮልትና ጥቂት አምፔር ነው። ስለዚህ የማሽኑ ተግባር ምንዛሪ ነው ማለት ይቻላል፤ ቮልቱን ወስዶ አምፔር ይሰጣል። ይህንን የሚያደርገው በአገራችን ዎርክሾፖች በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በብረት እምብርት ላይ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ የተጠቀለለበት ከባዱ ትራንስፎርመር ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እዚሁ አገር ውስጥ በእጅ የተጠቀለሉ ናቸው። ሁለተኛው ኢንቨርተር የሚባለው ቀላሉ ማሽን ሲሆን፣ የመስመሩን ኃይል መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ለውጦ በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ በአነስተኛ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። ክብደቱ የቀነሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለቱ ልዩነት በክብደት ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመሩ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሳይነካ 60 ቮልት የሚያሳይ ከሆነና በ120 አምፔር ቢበየድበት፣ ከመስመሩ የሚጠይቀው 60 በ120 ሲባዛ 7,200 ቮልት አምፔር ይሆናል። ይህም በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 33 አምፔር ነው። ቅስቱ ራሱ የሚበላው 3,000 ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ ነው ይህ ሁሉ ጅረት የሚጎተተው። ኢንቨርተሩ ለዚያው ሥራ 24 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። የበያጁ ጎረቤት መብራት ኤሌክትሮዱ ብረቱን በነካ ቁጥር የሚደበዝዘው ለምን እንደሆነ ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

ይህ ጅረት በምን ሽቦ ይምጣ? ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ 30 ሜትር ርቀት አለ እንበል፤ ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ነው። ሽቦው ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.42 ኦም ይደርሳል። 33 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት በሽቦው ውስጥ ይቃጠላል። ሽቦው በአየር ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል፤ እንደ ጥቅል ገመድ ተጠምጥሞ ከተቀመጠ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በየቦታው የምናያቸው የጠቆሩ ሶኬቶችና የቀለጡ ዲቫይደሮች ከዚህ የመጡ ናቸው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሙቀቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። ለብየዳ ማሽን ከቆጣሪው አጠገብ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ለሌላ ዕቃ የማያገለግል መስመር መዘርጋት ይገባል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ ብሬከር መለወጥ በብዙ ቦታ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩ ብቻ ሲለወጥ ግን የሚቀረው መከላከያ የሽቦው መቃጠል ብቻ ነው።

ግራውንድና ግራውንድ

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በብየዳ ሥራ ላይ የሚደርሰው አደጋ አንዳንዴ ከቋንቋ ይጀምራል። በያጆች ከሥራው ብረት ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዘውን ወፍራም ገመድ አንዳንዶች ማሳ፣ አንዳንዶች ግራውንድ ይሉታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ከማሽኑ የብረት ሽፋን ተነሥቶ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረው ዘንግ የሚሄደውን ሽቦም ግራውንድ ይለዋል። ስሙ አንድ፣ ሥራው ሁለት ነው። የፊተኛው የብየዳውን ጅረት ወደ ማሽኑ የሚመልስ መንገድ ነው። የኋለኛው በደህናው ጊዜ ምንም ጅረት የማያልፍበት፣ ማሽኑ ውስጡ ሲበላሽ ብቻ የሚሠራ ዘብ ነው። «ግራውንድ አለው» ተብሎ ማሳውን የሚያሳይ ሰው ዘብ የሌለውን ቤት ተዘግቷል እንደሚል ነው።

የመሬት ሽቦው አለ እንበል። በማሽኑ ውስጥ የፌዙ ሽቦ ተልጦ የብረት ሽፋኑን ነካ። ምን ይሆናል? ጅረቱ በመሬቱ ዘንግ በኩል ወደ ዋልካው ገብቶ፣ በመስመሩ ትራንስፎርመር አጠገብ በተቀበረው ዘንግ በኩል ይመለሳል። የበያጁ ዘንግ 20 ኦም፣ የትራንስፎርመሩ 5 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖራቸው 220 ቮልት ለ25 ሲካፈል 8.8 አምፔር ይሆናል። ባለ 32 አምፔሩ ብሬከር ይህንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ አይወድቅም። የማሽኑ ሽፋን ግን 8.8 በ20 ሲባዛ 176 ቮልት ተሸክሞ እጅ የሚነካውን ይጠብቃል። ዘንግ መቅበር ብቻውን በቂ ነው የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን ይህ ቀላል ስሌት ያሳያል።

እዚህ ላይ የፎገራ መሬት ጠባይ ይመጣል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸበሸብ ሸክላ ነው። በክረምት ርጥብ ሸክላ ጅረት ከሚያሳልፉት አፈሮች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ዘንጉን አጥብቆ ይይዘዋል። በበጋ ግን መሬቱ ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አፈሩም ከዘንጉ ይላቀቃል። በነሐሴ 20 ኦም የነበረው ዘንግ በሚያዝያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 100 ኦም ደረሰ ብንል የተበላሸው ማሽን ሽፋን 210 ቮልት ያህል ይሸከማል፤ ዘንግ ካልተቀበረለት ማሽን የሚለየው በ10 ቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የዘንግ ልኬት መወሰድ ያለበት መሬቱ ሲሰነጠቅ እንጂ ጭቃ ሳለ አይደለም። ዘንጉም ስንጥቁ ከሚደርስበት ጥልቀት አልፎ ሁልጊዜ ርጥበት ወዳለው አፈር መውረድ አለበት። አንዱ ካልበቃ ራቅ አድርጎ ሁለተኛውን መቅበርና ማገናኘት ይቻላል። ጨውና ከሰል መነስነስ ለጊዜው ይረዳል፤ ጨው ግን ብረቱን ይበላዋል።

ከዚህም ሁሉ የበለጠው መፍትሔ ባለሙያዎች ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚሉት መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ጅረት ያመዛዝናል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ፣ ጅረቱ መንገድ ስቶ ወደ መሬት ፈሷል ብሎ ከአንድ ሰከንድ ሽራፊ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ከላይ ባየነው የ100 ኦም ዘንግ እንኳ 30 ሚሊ አምፔር የሚያስነሣው 3 ቮልት ብቻ ነው። በሚያዝያ የተሰነጠቀ መሬት ላይ 210 ቮልትን ወደ 3 ቮልት የሚያወርድ ዕቃ ዋጋው ውድ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን ዘንጉ መኖር አለበት፤ ዘንግ ከሌለ የሚጎድለው ጅረት የሚያልፈው በሰው በኩል ነው።

አሁን አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፤ በብዙ መመሪያዎች ተድበስብሶ የሚታለፍ ነውና። ይህ መሣሪያ የሚጠብቀው ከመስመሩ እስከ ማሽኑ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ከማሽኑ ወዲህ፣ በኤሌክትሮዱና በሥራው ብረት መካከል ያለው ቮልት በትራንስፎርመሩ ምክንያት ከመስመሩ የተለየ ስለሆነ መሣሪያው አያየውም። ያ ቮልት ትንሽ ነው ተብሎ ይናቃል። ዓለም አቀፉ ደረጃ በተራ ቦታ እስከ 80 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይፈቅዳል፤ ርጥብ፣ ጠባብ ወይም በብረት በተከበበ ቦታ ግን ከ48 ቮልት እንዳይበልጥ ይወስናል። ምክንያቱም የሰው ቆዳ ሲደርቅ ብዙ ሺህ ኦም ሲሆን፣ ላብና ውኃ ሲነካው ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል። 80 ቮልት በ1,000 ኦም ላይ 80 ሚሊ አምፔር ይልካል። እጅ የያዘውን እንዳይለቅ ለማድረግ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበቃል፤ ልብን ለማወክም ከ80 ያነሰው ሊበቃ ይችላል። በክረምት፣ ባዶ እግሩን ወይም በነጠላ ጫማ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ እጁ በላብ ረጥቦ ኤሌክትሮድ የሚቀይር ወጣት «ይህማ አይነዝርም» ሲል የሚናገረው ስለ በጋው ማሽን ነው።

ለዚህ መከላከያው ብልሃት ሳይሆን ደረቅ ነገር ነው፤ ከእግር ሥር የእንጨት ርብራብ፣ ያልተበሳ የቆዳ ጓንት፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ ያልተላጠ የኤሌክትሮድ መያዣ። አዲስ ማሽን ለሚገዛ ሰው ደግሞ በሳህኑ ላይ «ኤስ» የሚል የላቲን ፊደል በአራት ማዕዘን ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ መመልከት ይጠቅማል። ይህ ምልክት ማሽኑ አደጋ በሚበዛበት ቦታ ለመሥራት የተፈቀደለት መሆኑን ያመለክታል። በእጅ የተጠቀለሉትን በተመለከተ አንድ ፍተሻ ሳይደረግ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ማሽኑ ከመስመሩ ተነቅሎ፣ ማብሪያው በርቶ፣ በኦም መለኪያ ከሶኬቱ ሹካ እስከ ኤሌክትሮድ መያዣው ይለካል። መለኪያው ግንኙነት ካሳየ የሁለቱ ወገን ጥቅልል አልተለያየም፤ በያጁ የሚይዘው 60 ቮልት ሳይሆን 220 ነው።

ማሳው የት ይያዝ?

ማሳው የሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ መያያዝ አለበት። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሩዝ መፈልፈያ ሊጠገን ማሳው በማሽኑ እግር ላይ ታስሮ ብየዳው በዘዋሪው ክፍል ላይ ቢደረግ፣ 120 አምፔሩ የሚያልፈው በኩሽኔታው በኩል ነው። በኩሽኔታው ኳሶች ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቅስቶች ይፈጠራሉ። መፈልፈያው ያን ዕለት ይሠራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጮኻል፤ ከዚያ ይነክሳል። ባለቤቱ ኩሽኔታውን የሸጠለትን ነጋዴ ይረግማል። ማሳው ከራቀ ደግሞ ጅረቱ አቋራጭ ፈልጎ ወፍራም ባልሆነው የመሬት ሽቦ ሊመለስና ሽቦውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ያኔ ዘቡ ሞተ ማለት ነው። መኪና ወይም ትራክተር ሲበየድ የባትሪው ገመዶች አስቀድመው ይፈታሉ።

ቀጭን አየር፣ የብረት ብናኝና የሩዝ ቅርፊት

ዓለም አቀፉ ደረጃ የብየዳ ማሽን አቅም የሚለካው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ባለ ከፍታ ነው ይላል። የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ክብደቱ ወደ 80 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የማሽኑ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረም የሚያጓጉዘው ሙቀት ያንሳል። በሳህኑ ላይ «160 አምፔር፣ 35 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ በየ10 ደቂቃው 3 ደቂቃ ተኩል ብቻ በዚያ ጅረት ይበየዳል፣ የቀረው ዕረፍት ነው ማለት ነው። ያለ ዕረፍት ለመሥራት ጅረቱ ወደ 95 አምፔር መውረድ አለበት። በእኛ ከፍታ ከዚህም ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው። የሙቀት መከላከያው መብራት ሲበራ ማሽኑን ማጥፋት አይገባም፤ ማራገቢያው እየዞረ እንዲበርድ መተው እንጂ።

ኢንቨርተር ሌላም ጠላት አለው። ማራገቢያው ከአካባቢው የሚስበው አየር ከመቁረጫው ግራይንደር የሚነሣ የብረት ብናኝ ይዞ ይገባል፤ ብናኙም በሰሌዳው ላይ ተደርድሮ ሾርት ያደርጋል። ማሽኑን ከግራይንደሩ ማራቅ፣ በየጊዜውም በደረቅ አየር ማጽዳት ነው። ሽፋኑ የሚከፈተው ማሽኑ ተነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 310 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ጅረት ይዘው ይቆያሉና። መብራት ሲጠፋም ማሽኑን ማጥፋት፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከመስመሩ መዋዠቅ ያድነዋል።

የወረታ ልዩ አደጋ ግን የሩዝ ቅርፊት ነው። ከተፈለፈለው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ቅርፊት ሆኖ በየመፈልፈያው ደጃፍ ይቆለላል። ቅርፊቱ በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ በብዛት ስላለበት እንደ ጭድ ቦግ ብሎ አይነድም። ይህም ሰውን ያዘናጋል። ከኤሌክትሮዱ የተፈናጠቀች ፍንጣሪ ክምሩ ውስጥ ስትገባ ነበልባል ሳታሳይ ለሰዓታት ትጨሳለች፤ በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ፣ ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ትቀጣጠላለች። በሌሎች አገሮች የሚሠራባቸው የእሳት ደንቦች ከብየዳው ዙሪያ እስከ 11 ሜትር ድረስ ተቀጣጣይ ነገር እንዲነሣ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ጠባቂ እንዲቆይ ያዛሉ፤ የጥበቃው ጊዜ ቀድሞ ግማሽ ሰዓት የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ከፍ ብሏል። ለሩዝ መፈልፈያ ይህም ቢሆን የሚበቃ አይመስለንም። ክምሩን ማንሣት ካልተቻለ የተሰበረውን ክፍል ፈትቶ ወደ ዎርክሾፕ ማምጣት ይሻላል።

ስለ ዓይንና ስለ ሳንባ በአጭሩ እንለፍ። ተራ ጥቁር መነጽር ብርሃኑን ቢቀንስም ጎኖቹን ክፍት ይተዋል፣ ከቅስቱ የሚወጣውንም ጨረር ለመከላከል አልተሠራም፤ ለ120 አምፔር ቁጥር 10 ወይም 11 የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል። ከብየዳ ከሰዓታት በኋላ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ የሚመስለው የዓይኑ የፊት ሽፋን ስለተቃጠለ ነው። የብየዳ ጭስን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ከተዘጋ የቆርቆሮ ቤት ይልቅ ነፋስ የሚያልፍበት ዳስ ይመረጣል።

ውኃ የገባበት ማሽን

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰቦችን ማፈናቀላቸው አይዘነጋም። ሜዳው ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ በዚህ አገር የብየዳ ማሽን ከወለል ከፍ ባለ መደብ ወይም በብረት ማቆሚያ ላይ ሊቀመጥ ይገባል፤ ሶኬቱና ብሬከሩም እንዲሁ። ውኃ ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው ማሽኑ ሳይሆን፣ ቆሞ የሚደረስበት ደረቅ ቦታ ካለ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ነው።

ውኃ የዋጠው ትራንስፎርመር ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ውሎ «ደርቋል» ተብሎ ሊሰካ አይገባም። የዋልካ ጭቃ በጥቅልሉ መካከል ገብቶ ርጥበት ይዞ ይቆያል። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ሽፋኑ ተከፍቶ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ለብዙ ቀናት ከሰነበተ በኋላ፣ በ500 ቮልት በሚለካ ሜገር ይፈተሻል። ከመስመሩ ወገን እስከ ብየዳው ወገን ከ5 ሜጋ ኦም፣ ከእያንዳንዱ ወገን እስከ ብረት ሽፋኑ ደግሞ ከ2.5 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ካነሰ እንደገና ይደርቃል፤ ደጋግሞ ካነሰ ጥቅልሉ ይታደሳል። ኢንቨርተር ከሆነ ሜገሩ ራሱ የውስጡን ሰሌዳ ሊጎዳው ስለሚችል ሥራው ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይተዋል፤ እስከዚያው ሹካው ተጠቅልሎ፣ ማንም እንዳይሰካው በታሰረበት ይቆያል።